ሁሉም ቀለም በአንድ ፕሌት

ባለፈው ቅዳሜ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሳሎን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስትሥል አገኘኋት። ሰማያዊውን በቢጫው ላይ፣ ቀዩን በሰማያዊው ላይ ትደርባለች። «ኧረ ቀለሙን አታበላሺው!» ብዬ ጮህኩባት። ብሩሿን አስቀምጣ ዝም አለች። እናቷ ከማድ ቤት ብቅ ብላ፣ «አባዬ፣ እኔንም እንዲሁ ትለኝ ነበር» አለችኝ።

አልዋሸችም። እኔ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ አንድ ባለ ቀለም ፖስተር ለማውጣት አራት ፕሌት ይዘጋጃል፤ ወረቀቱም አራት ጊዜ ማሽን ውስጥ ያልፋል። ቢጫው ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ። አንዱ በትንሹ ከቦታው ከሸሸ የሰውዬው ከንፈር ጉንጩ ላይ ያርፋል። ለእኔ እያንዳንዱ ቀለም ቦታውን ማወቅ አለበት። ልጄም ሥዕል መማር ስትፈልግ ሂሳብ አያያዝ ያስገባኋት በዚሁ ጠባዬ ነው።

ማታ አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ አንድ ሥራ አሳየችኝ። «አዙሪት» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራ የክሪሽና ሬዲ ሕትመት ነው። ቀለማቱ እንደሚሽከረከር ውሃ ይሳሳባሉ።

«ስንት ፕሌት ነው?» አልኳት።

«አንድ።»

«ስንት ጊዜ ማሽን ገባ?»

«አንድ ጊዜ።»

አላመንኳትም። እንቅልፍም አልወሰደኝም፤ ቁጭ ብዬ ስለ ሰውየው አነበብኩ።

ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1925 በደቡብ ሕንድ ተወለደ። ገጣሚው ታጎር ባቋቋመው በሻንቲኒኬታን፣ በሠዓሊው ናንዳላል ቦስ ሥር ተማረ። ከዚያ ለንደን፣ ቀጥሎም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ገባ። እዚያም እንግሊዛዊው ስታንሊ ዊሊያም ሄይተር በሚመራው «አቴሊዬ 17» በተባለ የሕትመት ወርክሾፕ ሥራ ጀመረ። ቅርጻ ቅርጽ ተምሮ ስለነበር የብረቱን ፕሌት እንደ ሐውልት ይፈለፍለዋል፤ ገጹ ኮረብታና ሸለቆ ይኖረዋል።

ከሄይተርና ከአገሩ ልጅ ከካይኮ ሞቲ ጋር የደረሱበት ዘዴ ምስጢሩ ዘይት ነው። አንዱን ቀለም በዘይት ያቀጥኑታል፤ ሌላውን ወፍራም ያደርጉታል። ቀጭኑን በጠንካራ ሮለር ሲያስኬዱት ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ይነካል። ወፍራሙን በለስላሳ ሮለር ሲያስኬዱት ሮለሩ ሸለቆው ድረስ ይወርዳል። ኮረብታው ላይ ግን ዘይት የጠገበው ቀለም ወፍራሙን አይቀበለውም። ሁለቱም በአንድ ፕሌት ላይ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያበላሸውም። ከዚያ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይታተማል።

እኔ ቀለም እንዳይበላሽ አራት ፕሌት ለያይቼ ስጠብቅ ኖርኩ። እሱ የእያንዳንዱን ጠባይ አጥንቶ አንድ ላይ አስቀመጣቸው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የፓሪስ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ «ሰልፈኞች» የሚል ሥራ ሠራ። በ1972 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጠው። በ1976 ኒው ዮርክ ሄዶ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ዘዴውንም ምስጢር ብሎ አልደበቀም፤ ለብዙ ተማሪ አስተማረ። በ2018 በ93 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ አባት ሲሆን፣ ያ የማዕበልና የአዙሪት ሠዓሊ ስትድህ ያያትን ልጁን ፕሌት ላይ አስገባት። ልጅ ሥራ ያስፈታል የምንል ስንቶች ነን? እሱ ልጁን ሥራው አደረጋት።

እሁድ ጠዋት የልጅ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። «አያቴ፣ አሁን መደረብ ይቻላል?» አለችኝ። «ይቻላል» አልኳት። ከዚያ እናቷን ጠርቼ አንድ ብሩሽ ዘረጋሁላት።

«እኔ እኮ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ» ብላ ሳቀች።

«እኔ ነኝ ያደረግኩሽ» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። ትንሽ ቆይታ ግን ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እኔም ጋዜጣ አነጠፍኩላቸው።