መጦሪያ ቤት ማስገባት ነውር አይደለም፤ አስገብቶ መርሳት ነው ነውሩ



እንደሚታወቀው በአገራችን ወላጅን የሚጦረው ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድም ከሌለ ጎረቤት ነው። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም፤ አቅሙ ግን እየደከመ ነው። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ እዚህ ያሉትም ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። በዚህም ምክንያት በክፍያም ሆነ በበጎ አድራጎት አረጋውያንን የሚይዙ ቤቶች በከተማችን እየታወቁ መጥተዋል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸውን ወገኖች ያየ ሰው፣ ሥራው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አለመሆኑን ይረዳል።

በእኛ ሰፈር ግን ወሬው ሌላ ነው። እገሌ እናቱን መጦሪያ ቤት አስገባ ከተባለ «ጣላቸው» ተብሎ ይታማል። ሐሜቱን የሚፈራው ቤተሰብ ደግሞ እናቱ የት እንዳሉ እንኳ አይነግረንም። ስለዚህ ጎረቤት ሄዶ አይጠይቃቸውም። ጠያቂ የሌላቸው አረጋዊ ቢጎዱ ማን ያይላቸዋል? በእኛ እምነት «ለምን አስገባቸው?» የሚለውን ትተን «እንዴት ተይዘዋል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ሕጉስ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1984 ዓ.ም. ያጸደቃቸው 18 የአረጋውያን መርሆዎች፣ በመጦሪያ ቤት የሚኖር ሰው ክብሩ፣ እምነቱና ስለ ራሱ የመወሰን መብቱ እንዲጠበቅለት ይጠይቃሉ። የአፍሪካ ኅብረትም በጥር 2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ባጸደቀው ፕሮቶኮል፣ በመጦሪያ ቤት የሚሰጠው እንክብካቤ ከአገሪቱ ዝቅተኛ መመዘኛ በታች እንዳይሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ ሌሊት ተነሥቶ አረጋዊ አያገላብጥም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ማድረግ አለማድረጉን የሚያየውም ሰው ነው።

ታዲያ ለጥየቃ የሄደ ሰው ምን ይመልከት?

በመጀመሪያ ገላቸውን። ከአልጋ የማይነሡ አረጋዊ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጡ ወገባቸው፣ ዳሌያቸውና ተረከዛቸው ይቀላል፤ ቆይቶም የመኝታ ቁስል ይሆናል። ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ማዳኑ ከባድ ነው። ሌሊት ስንት አስታማሚ እንደሚያድር፣ ለስንት ሰው እንደሆነም ጠይቁ።

ሁለተኛ ቤቱን። ብዙዎቹ ቤቶች ለመኖሪያ የተሠሩ የግለሰብ ቤቶች ናቸው። መጸዳጃ ቤቱ የሚያንሸራትት ነው ወይ? ግድግዳው ላይ መያዣ አለው? ሌሊት መብራት ይበራል? መስኮቱ በብረት ታጥሮ በሩ ከውጭ ከተቆለፈ፣ እሳት ቢነሣ በምን ይወጣሉ? ቁልፉ ማን ጋ ነው? በክረምት በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድም እንዲያው በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ሦስተኛ ምግቡንና መድኃኒቱን። ሰው ሲያረጅ የውኃ ጥሙ ስለሚቀንስ፣ ሳይጠይቁም ማጠጣት ያስፈልጋል። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ማን፣ መቼ እንደሰጠ በደብተር መጻፍ አለበት። የሚጾሙት በፍላጎታቸው እንዲጾሙ፣ የሚሰግዱትም ቦታ እንዲያገኙ ማድረግ የእንክብካቤው አካል ነው።

አራተኛ ነፃነታቸውን። «እንዳይወድቁ ብለን ነው» እየተባለ ከወንበር ወይም ከአልጋ ጋር ማሰር፣ «እንዳይረብሹ» ተብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት መስጠት ተገቢ አይደለም። አሜሪካ እንኳ ይህንን ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማድረግን በ1980 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ እስከ መከልከል የደረሰችው በመጦሪያ ቤቶቿ ብዙ በደል ከታየ በኋላ ነው።

የመጦሪያ ቤት ባለቤቶች «አቅም የለንም» ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ኪራዩም አስቤዛውም ተወዷል፣ በትንሽ ደመወዝ የሚደክሙት አስታማሚዎችም ሊታዘንላቸው ይገባል። ነገር ግን ከሰሉን ከክፍል ማውጣት፣ ቁልፉን በር አጠገብ ማንጠልጠል፣ ውኃ ማጠጣት፣ ደብተር መያዝ ብዙ ብር አይጠይቅም። ሰው ለማገላበጥ ሰው ካነሰ ደግሞ መፍትሔው ከሚችሉት በላይ አረጋዊ አለመቀበል ነው።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል። ወላጁን መጦሪያ ቤት ያስገባ ቤተሰብ የት እንዳሉ ሳያፍር ያሳውቀን። እኛም ሁለት ሁለት እየሆንን በየወሩ ተራ ገብተን፣ አስቀድመን ሳንደውል እንጠይቃቸው። በበዓል ቀን ዳቦና ካሜራ ይዞ የሚሄደው ሞልቷል፤ የቤቱ እውነተኛ መልክ የሚታየው ግን በተራው ማክሰኞ ነው። ጉድለት ስናይ ለባለቤቱ በክብር እንንገር፤ ካልታረመ ለቤተሰቡና ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናመልክት። ጥሩ የያዘውንም በስሙ እናመስግን፤ ወላጅ የሚያስገባ ሌላ ሰው የት እንደሚሄድ ይወቅ።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ሰዓት አያሳልፍም። እነዚያን ወንበሮች ተሸክመን የምንሮጥላቸው እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ፣ አጠገባቸው በአንዷ ወንበር ተቀምጠን ብናጫውታቸው ምን ይከብደናል? ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ተራ ለመግባት የምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስማችሁን ጻፉ።