ስብ ጎተራ ብቻ አይደለም

በአገራችን «ወፈርክሳ፣ ተመችቶሃል» የሚለው ሰላምታ እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን ይኸው ቃል ወደ ወቀሳ እየተለወጠ ይመስላል፤ ወፍራም ሰው ሆዳም ወይም ሰነፍ ተደርጎ ይታያል። በእኔ አስተያየት ምርቃቱም ሆነ ወቀሳው የሚነሡት ከአንድ ስሕተት ነው፤ ይኸውም ስብን የተረፈ ምግብ የሚከማችበት ዝምተኛ ጎተራ አድርጎ ማየት ነው። የባዮሎጂ ትምህርታችንም ሳያውቀው ይህን አመለካከት ያግዛል።

ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማርነውን እናስታውስ። ዲ.ኤን.ኤ. ወደ አር.ኤን.ኤ. ይገለበጣል፤ አር.ኤን.ኤ. ደግሞ ፕሮቲን ይሠራበታል። ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ካሉት የሰው ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ የፕሮቲን መመሪያ የያዘው ክፍል ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ለብዙ ዘመን «ቆሻሻ» ሲባል ኖረ። (ከውስጡ በእርግጥ ጥቅም የለሽ የሆነ ብዙ ሊኖር ይችላል፤ ክርክሩ አላበቃም።) ሆኖም ራሳቸው ፕሮቲን የማይሠራባቸው፣ ነገር ግን የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠሩ አር.ኤን.ኤዎች መኖራቸው አያጠራጥርም።

ከእነዚህ መካከል በሰፊው የተጠኑት ማይክሮ አር.ኤን.ኤዎች ናቸው። ርዝመታቸው 22 ፊደል ገደማ ነው፤ በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ላይ ተጣብቀው መልእክቱ እንዳይነበብ ወይም እንዲፈርስ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ቪክቶር አምብሮስ የመጀመሪያውን አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ጋሪ ሩቭከንም በዚያው ዓመት አሠራሩን አሳዩ። ነገሩ የትሏ የግል ጠባይ ነው ተብሎ ለዓመታት ችላ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ሩቭከን በሰውም ውስጥ ያለ ሌላ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. አገኙ። የኖቤል ሽልማቱ የደረሳቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ይህ ከስብ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኔን እጅግ ያስደነቀኝ በቦስተን የጆስሊን የስኳር ሕመም ማእከል፣ በሮናልድ ካን የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የስብ ህዋሶቻቸው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ማዘጋጀት የማይችሉ አይጦችን ፈጠሩ። ጉድለቱ በስቡ ተወስኖ አልቀረም፤ በጥቃቅን ከረጢቶች ታሽገው በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ማይክሮ አር.ኤን.ኤዎችም በእጅጉ ቀነሱ። ለካስ ዋነኛው ላኪ ስብ ኖሯል! ከጤናማ አይጥ የተወሰደ ቡናማ ስብ፣ ማለትም ነዳጅ አቃጥሎ ሙቀት የሚሰጠው ዓይነት፣ ሲተከልላቸው ደግሞ ስኳርን የመቆጣጠር ችሎታቸው ተሻሻለ፤ በጉበታቸው ውስጥ የአንድ ጂን ሥራም ተለወጠ። ስቡ ከሩቅ ሆኖ ጉበቱን ያዝዛል ማለት ነው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በወፍራም አይጦች ውስጥ የሚበዙት 103 እና 107 የተባሉ ማይክሮ አር.ኤን.ኤዎች ሲታፈኑ የአይጦቹ አካል ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ እንደሚሻሻል አሳይቷል።

በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው አይደገምም። አመጋገብና እንቅስቃሴ ፋይዳ የላቸውም ማለቴም አይደለም። የምለው፣ ክብደት የሚወሰነው በፈቃድ ብርታት ብቻ ነው ብሎ ጓደኛን በክፍል ውስጥ መሣቂያ የሚያደርግ ተማሪ በሳይንስ ስም ሊናገር አይችልም ነው።

ለመምህራንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከስብ እንደሚመነጭ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስብን «የምግብ ክምችት» ከሚለው ርእስ አውጥታችሁ ከቆሽትና ከታይሮይድ ጎን፣ በመልእክት ላኪዎቹ ምዕራፍ ውስጥ ብታስተምሩንስ?