እጅ ከትምህርት ቤት ውጭ ሲቀር

«መጀመሪያ ፊደሉን ይለይ፤ ሥዕሉና ዘፈኑ ኋላ ይደርሳል» የሚለው ምክር በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ በየስብሰባው፣ በየወላጆች ኮሚቴው ሲነገር እንሰማዋለን። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ራሳቸው ከችግር ወጥተው በቀለም ትምህርት ለወግ የበቁ ናቸው። ምክሩ ግን ስሕተት ነው፤ ከስሕተትነቱም በላይ ጎጂ ነው፤ የሚጎዳውም ከሁሉ አስቀድሞ ሌላ መጠጊያ የሌለውን የገጠር ልጅ ነው። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ትምህርት ቤት፣ ከቅርብ ደግሞ ራቤልን በምስክርነት እጠራለሁ።

የሩቁን ላስቀድም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ ጀርመን በረሀብና በአመፅ ስትናጥ፣ በሽቱትጋርት ከተማ የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሲጋራ ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ኤሚል ሞልት ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁምለት ኦስትሪያዊውን ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነርን ጠየቀው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1919 ሲከፈት ከ256 ተማሪዎች መካከል 191ዱ የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች የስታይነር ትምህርት ቤት ሲባል ከፍ ያለ ክፍያ መክፈል የሚችሉ ወላጆች ልጆች የሚውሉበት ግቢ ሆኖ ይታሰባልና። መነሻው ግን ትንባሆ ሲጠቀልሉ የሚውሉ ሰዎች ልጆች ናቸው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ዘጉት፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተከፈተ፤ ዛሬ በእርሱ ፈለግ የሚመሩ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች በዓለም ላይ አሉ።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የልጅ ውሎ ምን ይመስላል? ጠዋት መምህሩ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ፣ እጁን ጨብጦ ያስገባል። ልጆቹ በአንድነት ይዘምራሉ፤ በእጃቸው እያጨበጨቡ፣ በእግራቸው ወለሉን እየመቱ ቁጥር ይቆጥራሉ፤ የማባዛት ሰንጠረዥ በእግር ይገባል እንጂ በአለንጋ አይገባም። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል አንድ ትምህርት ብቻ ይሰጣል፤ ያው ትምህርት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሳይቆራረጥ ይቀጥላል። በታችኞቹ ክፍሎች የታተመ መማሪያ መጽሐፍ እምብዛም አይታይም፤ ልጁ የተማረውን እየጻፈና እየሣለ የራሱን መጽሐፍ በራሱ እጅ ያዘጋጃል። በአንደኛ ክፍል ወንዱም ሴቷም ሹራብ መሥራት ይማራሉ። በሦስተኛ ክፍል መዝራትና ማጨድ፣ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከትምህርቱ ክፍል ነው። ተረት ይነገራቸዋል፤ የሰሙትንም በማግስቱ ይተርካሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚነፉት ዋሽንትና የሚዘምሩት ዜማ በአምስት ድምፅ ስኬል የተመሠረተ ነው። አንድ መምህር ከአንደኛ ክፍል የተቀበላቸውን ልጆች በብዙ ቦታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይዟቸው ይዘልቃል።

እንግዲህ ወደ ራቤል እንምጣ። ራቤል በሰሜን ሸዋ ከመንዝ ጌራ ቀጥሎ፣ በደቡብ ወሎ ወሰን ላይ የሚገኘው የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። (ግሼን ከአምባሰሉ ግሸን ጋር የሚያምታቱ የተማሩ ሰዎች መኖራቸው አገራችንን ምን ያህል እንደምናውቃት ያሳያል።) ደጋ ነው፤ ብርድ ነው፤ ገብስና በግ ነው። በዚህ አገር አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የሚያውቀውን እስኪ እንቁጠር። በጎቹን በመልካቸውና በጠባያቸው ለይቶ ያውቃል። የበግ ጠጉር ሲሸለት፣ ሲነደፍ፣ እናቱ በእንዝርት ስትፈትለው፣ ድርና ማግ ሆኖ ባና ሲወጣው አይቷል። ከጓሣ ሣር ገመድ ሲገመድ፣ የቤት ክዳን ሲከደን፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ሲሠራ አይቷል፤ ምናልባትም ረድቷል። እረኛ ሆኖ ዋሽንት ነፍቷል። ማታ በምድጃ ዙሪያ ተረት ሰምቷል፤ እንቆቅልሽ ተጠያይቋል። ዜማውም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ የሚቀዳ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ነው። የሽቱትጋርት ሊቃውንት ለልጅ ጆሮ የሚስማማው ይህ ነው ብለው በጥናት የመረጡትን የራቤል ልጅ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ጠጥቶታል!

ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ይደረጋል? ያ ሁሉ ዕውቀት ከበሩ ውጭ እንዲቀር ይደረጋል። እጁ እርሳስ ለመያዝና ጥያቄ ለመመለስ ብቻ የተፈጠረ ይመስል አጣጥፎ እንዲቀመጥ ይታዘዛል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይገለብጣል፤ የገለበጠውን በጩኸት ይደግማል። መፍተልን የሚያውቀው ጣቱ፣ መንገዱን ሁሉ በዜማ የሚሞላው ጉሮሮው፣ በጎቹን ሳይጽፍ የሚቆጥረው አእምሮው ለመምህሩም፣ ለሱፐርቫይዘሩም፣ ለራሱም እንደሌለ ይቆጠራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልጁ ራሱ «እኔ ምንም የማላውቅ የባላገር ልጅ ነኝ» ብሎ ያምናል። አንድን ሕዝብ ከገዛ ዕውቀቱ ለመነጠል ከዚህ የተሻለ ዘዴ ቅኝ ገዥ እንኳ አልፈለሰፈም።

እዚህ ላይ «የቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤትስ ከዚህ ምን ይሻላል? እርሱም ያው ድግምት ነው» የሚል ይነሣል። ልክ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤትን ላሞካሽ አልተነሣሁም። አለንጋው ያማል፤ ሴት ልጅን አብዛኛውን ጊዜ ደጁ ላይ ትቷታል፤ የቆሎ ተማሪውን ደበሎ አልብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ተናክሶ እንዲማር አድርጎታል። ነገር ግን አንድ ነገር አልሠራም፤ ጥበብን ከዕውቀት አልነጠለም። ፊደሉ በዜማ ይቆጠር ነበር። ዳዊቱ በዜማ ይደገም ነበር። ከፍ ያለው ተማሪ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን በጉሮሮው፣ አቋቋሙን በእግሩና በመቋሚያው፣ ቅኔውን በራሱ አእምሮ ፈጠራ ይማር ነበር፤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነበርና። ጸሐፊው ብራናውን ራሱ ይፍቃል፤ ቀለሙን ከጥላሸት ራሱ ይበጠብጣል፤ ብዕሩን ከመቃ ራሱ ይቀርጻል። ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሲስፋፋ ከዚያ ከቀድሞው የወረሰው ድግምቱን ነው፤ ዜማውንና እጁን ግን ጣላቸው። ክፉውን ይዞ ደጉን የሚጥል ወራሽ ምን ይባላል?

ፊደልን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የስታይነር መምህር ለልጅ ፊደል የሚያስተምረው ከሥዕል ተነሥቶ ነው፤ ተራራውን ይሥላል፣ ስለ ተራራው ተረት ይነግራል፣ ከሥዕሉ ውስጥ ፊደሉን ያወጣል። የላቲን ፊደል ስሞች ትርጉማቸውን ካጡ ዘመን ስለ ራቃቸው መምህሩ ሥዕሉን መፍጠር አለበት። የእኛ ፊደል ግን ስሙን እስከ ዛሬ ተሸክሟል፤ በ «ቤት» ነው፤ ዐ «ዐይን» ነው፤ መ «ማይ» ነው፤ ረ «ርእስ» ነው፤ የ «የማን» ነው፤ ገ «ገምል» ነው፤ ፈ «አፍ» ነው። ዐ ክብ ዐይን ሆኖ ያያችኋል፤ በ ምሰሶና ጣራ ያለው ቤት ሆኖ ቆሟል። ይህን የመሰለ ሀብት የያዘ ሕዝብ ልጁን ሀ ሁ ሂ እያለ በደረቁ ያስጮኸዋል፤ በከተማ ደግሞ የአራት ዓመት ሕፃን የማያውቀውን የባሕር ማዶ የልጆች መዝሙር ሲያነበንብ ወላጅ በኩራት ያጨበጭባል!

«ጊዜ የለንም» ለሚሉት አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሥዕል፣ ለዜማና ለእጅ ሥራ ጊዜ ነፍጋችሁ ለዋናው ትምህርት የሰጣችሁት ጊዜ ምን አፈራ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ሁሉ ውድቀት በሥዕል ማጣት ብቻ አላሳብብም፤ ይህ ቀልድ ይሆናል። የምለው ጥበብን ከክፍል ማባረር ለሒሳብም ለእንግሊዝኛም እንዳልበጀ ነው።

«ገንዘብ የለንም» የሚለው ከዚህ ይቀላል። የስታይነር ልጆች የሚሥሉበት ባለቀለም ሰም በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ ሰሙ ግን ከቆላችን ይወጣል። ጥላሸት በየጓዳው አለ፤ ሸክላ አፈር አለ፤ መቃ አለ፤ የበግ ጠጉርማ የመንዝና የግሼ ሀብት ነው። የጎደለው ቁሳቁስ ሳይሆን ለቁሳቁሱ ያለን ክብር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸውን ታሪክ መዝግቦታል፤ ንቀቱ ግን ዐዋጁን ተሻግሮ መምህራን ማሠልጠኛ ድረስ ገብቷል። ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ ገና በአፍላነቱ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው ሥዕል እንዲማር አልነበረም፤ የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። ራሱን ባይከተል ኖሮ አንድ መሐንዲስ እናተርፍ ነበር፤ ምን እናጣ እንደ ነበር ግን የአፍሪካ አዳራሽን መስኮት ያየ ሰው ያውቀዋል።

ይሁንና ስታይነርን በጅምላ የሚያስመጡትንም አልደግፍም። ሰውየው ከመምህርነቱ ባሻገር ስለ ረቂቅ ዓለም በራእይ አውቄአለሁ የሚል መንፈሳዊ ትምህርት መሥራች ነበር፤ ይህ ለእኛ ትምህርት ቤት መሠረት ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1923 ለሠራተኞች ባደረገው ንግግር ስለ ሰው ዘር የተናገረው ጥቁርን ሕዝብ ዝቅ የሚያደርግ ነው፤ ይህን ሸፍነው ስሙን የሚያወድሱ ሰዎች ሐቀኞች አይደሉም። ንባብን እስከ ሰባት ዓመት ማዘግየቱም ለራቤል አይሆንም፤ በአራተኛ ክፍል በእረኝነት ወይም ያለ ዕድሜዋ በጋብቻ ከትምህርት ልትነጠቅ የምትችል ልጅ ፊደልን የምታዘገይበት ጊዜ የላትም። ግብፃዊው ኢብራሂም አቡለይሽ እ.ኤ.አ. በ1977 ከካይሮ ወጣ ብሎ በበረሃ ላይ በመሠረተው ሴከም ያቋቋመው ትምህርት ቤት ስልቱን ከአገሩ ቋንቋና ከእስልምና ጋር አስማምቶ ነው የተጠቀመበት። መበደር እንዲህ ነው።

በእኛም ዘንድ አጥንቱ አልጠፋም ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር አንድን ክፍል ይዞ ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር፣ ሕፃኑም በፈተና እንዳይወድቅ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ሽቱትጋርትን ይመስላል። ነገር ግን ፈተናው ሲነሣ ልጁን የሚያውቅ መምህር በቦታው አልቆመም። መምህሩ ሙዚቃና ሥዕል አልተማረም፤ በየዓመቱ ክፍል ይቀያየራል፤ ብርዱ የበዛበት፣ መንገዱ የራቀበት መምህር ደግሞ የመጀመሪያ ማመልከቻው ዝውውር ነው። የ2015ቱ ፖሊሲና አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚል ትምህርት አስገብቷል። መልካም ነው። በብዙ ቦታ ግን ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ እየተወሰደ፣ ልጆቹ የሚዘምሩት እንግዳ ሲመጣ በፀሐይ ተሰልፈው ብቻ እየሆነ ነው። ጓዶች ካድሬዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ከመድረክ ሆነው ያጨበጨቡላቸው ልጆች ናቸውና። እኔም ለእንዲህ ያለው ቀን መዝሙር ድረስ ተብዬ አውቃለሁ፤ በማግስቱ ዜማው ክፍል ውስጥ ይገባል ወይ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሳቅ ነበር።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን አጣዳፊ ሆነ? የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ፣ በተለይም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከተለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙዎቹም ተጎድተዋል። ትምህርት ቤት ተመልሶ ሲከፈት ልጁ ይዞት የሚመጣው ያመለጠውን ምዕራፍ ብቻ አይደለም፤ የተኩስ ድምፅ፣ የሌሊት ሽሽት፣ የሞተ ዘመድ ይዞ ይመጣል። የስታይነርን ስልት የሚከተሉ መምህራን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከሊባኖስ አንሥቶ በኬንያ ካኩማ የስደተኞች ሠፈር ድረስ ከጦርነት የወጡ ልጆችን የተቀበሉት በክብ ቆሞ በማጨብጨብ፣ በዜማ፣ በሥዕል፣ በጭቃና በክር ሥራ ነው፤ የተደናገጠ ሕፃን ቃል ከማግኘቱ በፊት እጁና እግሩ ሥርዓት ማግኘት እንዳለባቸው ስለ ተረዱ። የእኛ የማካካሻ ዕቅድ ግን ያመለጡትን ገጾች ይቆጥራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ በአንድ ወረዳ መጀመር ይቻላል። በራቤል የአንደኛ ክፍል መምህርት ልጆቿን ቢያንስ እስከ አራተኛ ክፍል ይዛ ትዝለቅ፤ ለዚህም የበረሓ አበል እንደሚከፈል ሁሉ የብርድና የርቀት አበል ይከፈላት። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በዜማና በተረት ይከፈት። የጥበባቱ ክፍለ ጊዜ በማንም ፊርማ ለሌላ ትምህርት አይሰጥ። ፈታይዋና ባና ሠሪው በሳምንት አንድ ቀን ወደ ክፍል ገብተው ያስተምሩ፤ የዋሉበትም ይከፈላቸው። ይህን ሐሳብ ባቀረብሁባቸው መድረኮች ሁሉ የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «ዲፕሎማ የላቸውም»። ዲፕሎማ ያለው ደግሞ እንዝርት ማሾር አይችልም። እንግዲያው በሱፐርቪዥኑ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመርና ከሁለቱ አንዳቸው ሌላውን ያስተምሩ።