ለጨዋታ ባልተሠራ ላፕቶፕ ስለ መጫወት

ለጽሕፈት ሥራ የተገዛ ላፕቶፕ ለጨዋታ ከቶ አይሆንም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በቤታችን አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ችግር ይሄዳል።

አዲስ ጨዋታ በግድ መጫን ግን ስሕተት ነው። የዚህ ዓይነቱ ላፕቶፕ የሥዕል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ራም ስለሌለው ከዋናው ይበደራል፤ ሥራው ሲበዛበት ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጋቢ ላይ አስቀምጬ አንድ አዲስ የእግር ኳስ ጨዋታ ስጫወት፣ የአየር መውጫው ታፍኖ ኖሮ ድርግም ብሎ ጠፋ። እኅቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው በዚያው ነበር! ጽሑፏ ተመልሶ እስኪከፈት ድረስ ሁለታችንም አልተኛንም።

አሁን የምጫወተው እርስዋ ሥራዋን ስትጨርስ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የድሮዎቹን ብቻ ነው።