ሊቃውንትን በልካቸው እናመስግን

የጥንት ሊቃውንትን ማመስገን ለመልካም ትውልድ የተገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ምስጋና ከእውነት ሲያልፍ ተመስጋኙን አያከብረውም፤ ይልቁንም ለነቃፊ አሳልፎ ይሰጠዋል። ይህን ያናገረን፥ በመካከለኛው ዘመን በእስልምና አገሮች ስለ ተስፋፋው የሳይንስ ዕውቀት በየከተማው ለሕዝብ የሚታየው ኤግዚቢሽን ነው።

ከነዚህ ዋነኛው «1001 ፈጠራዎች» የተባለው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ተከፍቶ፥ በ2010 በለንደን፥ በ2012 በዋሽንግተን ታይቷል። ዓላማው መልካም ነው፤ ብዙ የአውሮጳ መጻሕፍት ከግሪኮች ዘመን ወደ ጋሊሊዮ ሲዘሉ በመካከል ያለውን ሁሉ ጨለማ አድርገው ያስተምሩ ነበርና። ዳሩ ግን ማጉደልን በማጋነን ማረም አይቻልም። በ2012 የፊዚክስ መምህሩ ታነር ኤዲስና የሳይንስ ታሪክ ዐዋቂዋ ሶንያ ብሬንትየስ ኤግዚቢሽኑን አጥብቀው የነቀፉት ስለዚህ ነው።

ምሳሌ እንጥቀስ። በ9ኛው መቶ ዓመት በኮርዶባ የኖረው ዐባስ ኢብን ፊርናስ በክንፍ እንደ በረረ ተደርጎ በትርኢቱ ይታያል፤ የበረራውን ታሪክ በዝርዝር የምናገኘው ግን ከ700 ዓመት በኋላ በኖረው በአል መቀሪ መጽሐፍ ነው። ኢብን አል ነፊስም በ13ኛው መቶ ዓመት ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን መጻፉ ታላቅ ሥራ ነው፤ በሰውነት ሁሉ የሚዞረውን የደም ዑደት አስረዳ ማለት ግን ሃርቪ በ1628 የጻፈውን ለእርሱ መስጠት ነው።

ሊቃውንቱ ይህን የውሰት ካባ ምን ያደርጉለታል? አል ኽዋሪዝሚ «አልጀብራ» የሚለውን ስም ለዓለም ያተረፈ መጽሐፍ ጽፏል። ኢብን አል ሃይሰም ዐይን የሚያየው ብርሃን ወደ ውስጡ ሲገባ መሆኑን አስረድቷል፤ በሚያከብረው በበጥሊሞስ ላይም ጥርጣሬውን በመጽሐፍ ገልጿል። ተማሪ ሊማረው የሚገባው ይህን መመርመር ነው እንጂ «ማን ቀደመ» የሚለውን ሙግት አይደለም።

ደግሞም «የሙስሊሞች ሳይንስ» የሚለው ርእስ ብቻውን ሌሎቹን ሠራተኞች ይሰውራል። የጋሌንን የሕክምና መጻሕፍት የተረጐመው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ክርስቲያን ነበር፤ ሒሳብ ዐዋቂው ሳቢት ኢብን ቁራም ከሐራን ሳቢያውያን ወገን ነበር።

ነገሩ ለእኛ ለደጀን ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጎጃም ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር የአቡሻኽርን ስም ያውቃል። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የጻፈው የግብጽ ቅብጥ ዲያቆን ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የመለሱት አባ ዕንባቆም ደግሞ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ፥ ኋላም ከዓባይ ማዶ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑ ናቸው። እንግዲህ «ዐረብኛ የተጻፈ ሁሉ የእስልምና ነው» የሚል ሰው ቢሳሳት፥ «ከባዕድ አንዳች አልወሰድንም» የሚለው የእኛ ሰውም እኩል ይሳሳታል። ዕውቀት የዓባይን በረሃ ሲሻገር ሃይማኖቱን ማን ጠየቀው?

ጉዳቱ በተማሪው ላይ ነው። ሙስሊሙ ልጅ በተጋነነ ነገር እንዲኮራ ከተደረገ፥ እውነትና ንጋት እያደር ሲጠራ ያፍራል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ክርስቲያን ባልንጀራውም የተጋነነውን ይዞ እውነተኛውን ጭምር ይንቃል። ሁለቱም ከሳሩ።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል፤ በየትምህርት ቤቱም ሥዕልና ፊልም ይታያል። ስለዚህ ባለ ሥልጣኖችንና መምህራንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ በየሥዕሉ ግርጌ ሊቁ ከማን እንደ ተማረ፥ ምን እንደ ጨመረ፥ ከእርሱም በኋላ ማን እንዳረመው ይጻፍ። ደጀን ማለት የኋላ መመኪያ ነው፤ ለሊቃውንትም ከእውነት የተሻለ ደጀን የላቸውም።