ሞንታርቦና መገበሪያ

የአንድ አጥቢያ አንድነት የሚታወቀው ቅዳሴ ሊገባ ሲል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት። መጻሕፍቱን ከነትርጓሜያቸው የሚያወርድ ሊቅ ቢኖር፣ ድምፁ የሚያስለቅስ ቄስ ቢቆም፣ ሦስተኛው ዲያቆን እንቅልፍ ጥሎት ከቀረ ቅዳሴው አይገባም። ያ ዲያቆን ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ድርሻውም መብራት መያዝ ሊሆን ይችላል። ሊቁ ግን ይጠብቀዋል እንጂ «ያለ እሱም ይሆናል» አይልም።

ከአምስቱ ጀርባ ደግሞ ስማቸው የማይጠራ አሉ። የመገበሪያውን ስንዴ አንድ በአንድ የሚለቅሙ እናቶች፣ ቤተ ልሔም ገብቶ ኅብስቱን የሚጋግር ዲያቆን፣ ዘቢብና ዕጣን በስለት የሚያመጣ ምእመን፣ ግቢውን ሳይነጋ የሚጠርግ ሰው። ማኅሌቱም እንዲሁ ነው። መሪጌታው ይመራል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገን ለይተው ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ጸጋ በሰው ሁሉ ላይ እኩል አልተሰፈረም፤ ሥርዓቱ የተሠራውም ይህን አውቆ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከኤፌሶን ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት የተነሣው ይህ መጠባበቅ ስለጠፋ ነው። ቆሮንቶሶች ጸጋ አላነሳቸውም፤ ችግራቸው ጸጋን ማበላለጣቸው ነበር። አንዱ የጳውሎስ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሦስተኛው የኬፋ፣ አራተኛው የክርስቶስ ወገን ነኝ ይል ነበር። በማዕዱ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሲሰክር ድኃው ተርቦ ይመለሳል። በልሳን የሚናገረው ደግሞ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያያል። ምዕራፍ 12 ላይ ሐዋርያው የአካልን ምሳሌ ያመጣው ለዚህ ነው።

ምሳሌው በዘመኑ አዲስ አልነበረም። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደተረከው፣ በ494 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሮም ተራ ሕዝብ አድሞ ከከተማ በወጣ ጊዜ ሜኔኒዩስ አግሪጳ የተባለ ሰው የአካልን ተረት ነግሮ መለሰው፤ እጅና አፍ በሆድ ላይ ቢያድሙ የሚደክሙት ራሳቸው ናቸው አለ። የተረቱ ጥቅም ለሆድ፣ ማለትም ለመኳንንቱ ነበር። ጳውሎስ ያንኑ ምሳሌ ገለበጠው፤ ደካማ የሚመስለው ብልት የግድ ያስፈልጋል፣ ክብር ያነሰው ብልት ክብር ይጨመርለት አለ። ስጦታዎቹን ሲዘረዝርም ርዳታንና አስተዳደርን ከፈውስ ጋር ቆጥሮ፣ ቆሮንቶሶች የሚኮሩበትን ልሳን መጨረሻ አሰለፈው። በምዕራፍ 13 ስለ ፍቅር የጻፈውም ለሠርግ መጥሪያ ካርድ ሳይሆን ለዚሁ ጠብ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቶች አቀማመጥም የጳውሎስን ሐሳብ ይመስላል። ድጓ ቤተልሔም በተባለው ደብር ይመሰከራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፤ አቋቋም ጎንደር በዓታ፤ ቅኔ ጎጃም ዋሸራ፤ ቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ። ሁሉን ጠቅልሎ የያዘ ደብር የለም። የድጓ መምህሩ ቅኔ የሚሻውን ተማሪ መርቆ ወደ ጎጃም ይሸኘዋል እንጂ አያስቀረውም። አራቱን ጉባኤያት የዘለቀ «አራት ዓይና» የሚባል ሊቅም አለ፤ እሱም ቢሆን ቅዳሴ ሲደርስ ያንን መብራት ያዥ ልጅ ይጠብቃል።

ይህ ዓምድ ከሞንታርቦ፣ ከዚያ ከግዙፉ ድምፅ ማጉያ፣ ጋር የቆየ ጠብ አለው። ጠቡን በዚህ ሳምንት የቀሰቀሰው አንድ አጥቢያ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ የስብከት ጉባኤ ባነር ነው። የተጋባዡ ሰባኪና የዘማሪው ፎቶ የበሩን ስፋት ያክላል፤ ከሥር በደቃቅ ፊደል «እና ሌሎችም» ተብሏል። ቀዳሹም፣ ዲያቆኑም፣ መሪጌታውም፣ ስንዴ ለቃሚዎቹም በዚያች ሐረግ ውስጥ ተጠቃለዋል። ስብከት ጸጋ አይደለም የሚል የለም፤ መዝሙርም እንዲሁ። ነገር ግን ማይክ የሚጨብጥ ጸጋ ብቻ ጸጋ ከሆነ ቆሮንቶስ ተመልሳ መጥታለች። «ያለ ታዋቂ ሰባኪ ሕዝብ አይመጣም» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፤ ለሰባኪው የመጣ ሕዝብ ከሰባኪው ጋር ይሄዳል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትናንሽ አጥቢያዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ስብከት በስልክ ይደመጣል፤ መዝሙር ከዩቲዩብ ይወርዳል፤ ዲያቆን ግን በዩቲዩብ አይቀድስም። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ልብሰ ተክህኖውን በሻንጣ ይዞ የሚደርሰው ልጅ ከዘገየ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ «ሌሎችም» የሚባሉት እነማን እንደሆኑ በስም ይታወቃሉ።

ችግሩ ልዑካኑ ከየት ይመጣሉ የሚለው ነው። ዲያቆንም ቄስም የሚወጣው ከጉባኤ ቤት፣ ከዚያው ከአብነት ትምህርት ቤት ነው፤ ጉባኤ ቤት ደግሞ አኩፋዳ ይዞ ቁራሽ በሚለምን ተማሪና ደመወዙ ከወር ወር በማያደርሰው የኔታ ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ለስብከት ጉባኤ ሞንታርቦ ኪራይ፣ ለባነር፣ ለእንግዳ ሆቴልና ትራንስፖርት ገንዘብ የማይቸግረው ሰበካ ጉባኤ፣ ለየኔታ ሲሆን «በጀት የለም» ይላል። ስለ አንድነት የሚሰበከው ስብከት ይህን አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው የወጪ መዝገቡ ነው፤ እዚያ ላይ የየኔታ ስም ከሞንታርቦው ኪራይ በፊት ይጻፍ።