ብረቱ ተረፈ፤ ሰውየውስ?

«የድሮ መኪና ብረት ነው፤ የዘንድሮው ቆርቆሮ!»

ጭሮ መናኸሪያ ሆነ ጋራዥ ይህን የማይል የለም። ዲኤክስ የሚያሻሽጥ ደላላ ይላታል፣ ገዢው ይደግማታል፣ በአሮጌ ሚኒባስ ቤተሰቡን ይዞ ገለምሶ የሚሄደው አባወራም ይጽናናባታል። ሰው የምትገድል ማጽናኛ ናት።

ማስረጃቸው ይህ ነው፦ አዲሱ መኪና ሲጋጭ አፍንጫው እንደ ወረቀት ይጨማደዳል፤ አሮጌው ግን ባትላሜራ ጋ ሰንብቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሁን። ግን መኪናው ያልዋጠውን ምት ማን ዋጠው? ውስጥ የተቀመጠው ሰው! የተጣመመ ኮፈን ይቃናል፤ የተሰበረ ደረት የሚያቃና ባትላሜራ ግን የት አለ?

እንቁላል ድንጋይ ላይ ሲወድቅና ጭድ ላይ ሲወድቅ አንድ አይደለም። የአዲስ መኪና አፍንጫ የሚጨማደደው ጭድ እንዲሆን ተብሎ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን ይጠነክራል። ሐሳቡ የመርሴዲሱ መሐንዲስ የቤላ ባሬኒ ነው፤ ኩባንያው በ1959 እ.ኤ.አ. በመኪናው ላይ አውሎታል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ቀበቶ ያሰረ ሰው በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሚቆም በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል።

ይህ የወረቀት ወሬ ብቻ አይደለም፤ ተሞክሯል። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደህንነት ተቋም የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርንና የ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡን እያንዳንዳቸውን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አስኪዶ አጋጫቸው። «ብረት» የተባለው ቤል ኤር የሹፌሩ ክፍል ተጨፈለቀ፤ በውስጡ የነበረው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። የማሊቡው ሹፌር ግን ቢጎዳ እግሩን ነው።

«እሱ የአያቶቻችን ዘመን ነው» የሚል ካለ፣ በ2016 ሜክሲኮ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ኤርባግ የሌለው ኒሳን ሱሩ ከኒሳን ቨርሳ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ሱሩ በ1990ዎቹ ንድፍ የተሠራ ነው። የተጨፈለቀውም እሱ ነው።

ደግሞ ዲኤክስ «ብረት» ነው ወይ? ክብደቱ አንድ ቶን እንኳ አይሞላም። በሂርና መንገድ ጠመዝማዛ ላይ ከፊቱ የሚመጣው ጫት ሳይጠወልግ ለማድረስ የሚከንፍ አይሱዙ ነው። አሮጌው ሚኒባስማ ይብሳል፤ ሞተሩ ወንበር ሥር ስለሆነ ከሹፌሩ ጉልበት ፊት ያለው ላሜራና መስታወት ብቻ ነው።

«ታዲያ አዲስ በምን ይገዛ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ሲገባ ታክሱን ከፍ አደረገ፤ አስቀድሞ የገባው ግን ዛሬም መንገድ ላይ ነው። ድህነት አሮጌ መኪና ያስገዛል፤ አይፈረድም። ውሸት እንዲገዛ ግን ማንንም አያስገድድም።

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው መኪናው እንደማያድነው አውቆ ይንዳ። የተቆረጠ ቀበቶ ይቀጠል ሳይሆን ይቀየር፤ ለትራፊክ ፖሊስ ተብሎ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግም ይቅር። ቦሎ ሲሰጥ ፍሬንና መብራት ብቻ ሳይሆን ቀበቶውና የወንበሩ ብሎን ይፈተሽ፤ ያልታሰረ ወንበር በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ይዞ ይወረወራል።

ደላላው ቀጥሎ «ብረት ነው» ሲል፣ ገዢው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀው፦ ቀበቶው ይሠራል?